ሳይክሌ በስልክ ታከመ

አሶሳ ውስጥ ሳይክል ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ስድሳ ያለፈው ሰው ፔዳሉን ሳይረግጥ ዳገት ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈራችን ልጆች «ጋሼ፣ ማነው የሚገፋዎት?» እያሉ ከኋላዬ ይሮጡ ነበር። የሚገፋኝ የኋላ ጎማዬ መሐል የተቀመጠ፣ ከድስት ክዳን የማይበልጥ ሞተር ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ተራውን ሳይክል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፤ ሻጩም ገዢውም «ኪት» ይለዋል። ካርቶኑ ውስጥ ሞተር ያለበት ጎማ፣ ኮንትሮለር የሚባል ሳጥን፣ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጠመዘዝ ነዳጅ መስጫ (ነዳጅ ባይኖረውም ስሙ አልተቀየረም)፣ ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጥ የፍሬን እጀታ፣ ትንሽ ስክሪንና አንድ እቅፍ ሽቦ አለ። ባትሪው ለብቻው ይገዛል። የእኔው 48 ቮልት፣ 500 ዋት ነው። ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ኦግደን ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ ሞተሩን የሳይክል ጎማ መሐል አስቀምጦ የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ነው። የዓድዋ ድል ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው የመጣው፤ ቅድመ አያቶቻችን ገና ዘመቻ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል አገሩ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ማውራት ጀመረ። በጡረታ ደመወዝ የኤሌክትሪክ መኪና አይታሰብም። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ ግን «አጎቴ፣ ሳይክልህን መቀየር ትችላለህ» ብሎ ኪቱን በዚያው ዓመት መጨረሻ ገዝቶ ላከልኝ። ገበያ ለመሄድ፣ ለቅሶ ለመድረስ ይሆነኛል ብዬ ነበር የተቀበልኩት።

ነገሩ ከገበያና ከለቅሶ ያለፈው በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቄ ናት፣ እትዬ ብዬ ነው የምጠራት። ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ትኖራለች። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ከነልጆቿ ወደዚህ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ናት። እኔ ያን ጊዜ በነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ገና መውጣቴ ነበር። የት ልመደብ እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ አሶሳ አልኩ። ሰው ከዚህ ለመቀየር ደጅ በሚጠናበት ዘመን ለምኖ የሚመጣ ነርስ አይተን አናውቅም ብለው የመደቡኝ ሰዎች ሳቁ። አሥር ዓመት እሠራለሁ ብዬ መጥቼ ይኸው አርባ አልፎኛል።

እትዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሰሞን በቀኝ ውስጥ እግሯ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ቁስል ወጣባት። ስኳር የቆየበት ሰው የእግሩ ነርቭ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ አያመውም፤ እሷም ያወቀችው ሰሌኑ ላይ ደም አይታ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ በየቀኑ ካልታጠበና እግሯ ካላረፈ ጣቷን ማትረፍ እንደሚያስቸግር በግልጽ ነገረን። አጣቢው እኔ ነኝ። ደርሶ መልሱ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ጉልበቴ ይህን በእግር አይችልም። ቤንዚን ከመቶ ብር አልፎ፣ ያውም በተገኘበት ቀን፣ የኮንትራት ባጃጅ ለደርሶ መልስ 500 ብር ይጠይቀኛል። እንግዲህ ለገበያ የተገዛው ሳይክል አምቡላንስ ሆነ።

ሕመሙ የጀመረው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። አሶሳን የምታውቁ የዝናቡን ነገር ታውቃላችሁ፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረበት አንድ ጠዋት ነዳጅ መስጫውን ስጠመዝዝ ሳይክሉ ሄድ እንደማለት ብሎ ተንዘፈዘፈ። የወባ ብርድ የያዘውን ሰው አስቡት፤ ልክ እንደዚያ። በእግሬ ገፋ ሳደርገው ሞተሩ ይይዝና ይሄዳል፤ ቆሜ ስነሣ ደግሞ ይንዘፈዘፋል። በሦስተኛው ቀን ጭራሹን እያጉረመረመ ባለበት ቀረ። ስክሪኑ ይበራል፣ ባትሪው ሙሉ ነው ይላል፣ ጎማው ግን አይዞርም።

ጎረቤቴ የባጃጅ መካኒክ ነው። አየት አድርጎ «ባትሪው ነው፣ እንክፈተው» አለ። ኪቱ የተገዛበት አዲስ አበባ ያለው ሱቅ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ጨዋ ነው፤ ስሜን፣ የገዛሁበትን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር ጠየቀኝና «ባትሪው ነው፤ ይላኩልንና እናየዋለን» አለኝ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በጊምቢ፣ በነቀምት አድርጎ ሄዶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ እስኪመጣ የእትዬ እግር አይጠብቅም። ደግሞም ከባድ የሊቲየም ባትሪ ተሳፋሪ ካለበት አውቶቡስ ላይ መጫን እኔ ራሴ አልወደውም።

በዚህ ክልል የሠራ የጤና ሰው ይህን ዓይነት መልስ ያውቀዋል። ፈጣን የወባ መመርመሪያው ሳይመጣ በፊት ትኩሳት ይዞ የመጣ ሁሉ ወባ ነበር። ብዙ ጊዜ እውነትም ወባ ነው፤ ጉዱ የሚፈላው ወባ ባልሆነባት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ሳይክልም ወባው ባትሪ መሆኑን ያን ሳምንት ተረዳሁ። ያልሄደ ሁሉ ባትሪ ነው።

በማግስቱ እንደገና ስደውል ሌላ ሰው አነሣ፤ የወጣት ሴት ድምፅ። «ባትሪው ነው ተብያለሁ» ብዬ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ፤ በትሕትና ነው ግን አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ ምን እንደተባለ ይቆይ። እርስዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ለተማሪዎቼ ስለው የኖርኩት ነገር ነው። አንድ ጊዜ፣ ገና ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ከሩቅ ቀበሌ አንድ የጤና ረዳት በልጅ እጅ ብጣሽ ወረቀት ላከብኝ። ልጁ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፈም፤ የበሽታውንም ስም አያውቀውም። የጻፈው «ሦስት ቀን አተኮሰው። ያስታውከዋል። ብርሃን ይሸሻል። አንገቱ አይታጠፍም» የሚል ብቻ ነበር። ወባ ብሎ ቢጽፍልኝ የወባ መድኃኒት ልኬለት ሰውየው በሞተ ነበር። ማጅራት ገትር ነው ብለን በትራክተር አስመጣነው፤ ድኖም ሄደ። በሩቅ ያለ ሰው ሊረዳህ የሚችለው አንተ የዓይኑ ምትክ ስትሆንለት ነው። ፍርዱን ለእሱ መተው አለብህ።

ስለዚህ ለልጅቷ እንደ ጤና ረዳቱ ነገርኳት። መቼ እንደጀመረ፣ ዝናብ እንደነበረ፣ ከቆመበት ሲነሣ እንደሚብስ፣ ሲገፋ እንደሚሻለው፣ ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት ቁጥር እንደሌለ። እሷም ትጠይቃለች፦ «ጎማውን ከመሬት አንሥተው በእጅ ሲያዞሩት ይከብዳል? የሚቃጠል ነገር ይሸታል? ኮንትሮለሩን ሲነኩት ይሞቃል?» አይከብድም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። «ጥሩ ነው፤ ቴስተር አለዎት?» ጎረቤቴ ዘንድ አለ። «እንግዲያው ባትሪውን ማንም እንዳይከፍተው። ጎረቤትዎም ቢሆን።» ይህችን ሦስት ጊዜ ደግማታለች፤ ትክክል ናት። እዚያ ሳጥን ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ አሥራ ሦስት ረድፍ ሴሎች አሉ፤ ካቻቢቴ ቢያንሸራትት የሚነሣውን እሳት ማቆም ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በቴሌግራም ነው የሆነው። ኔትወርክ ሲመጣ የድምፅ መልእክቷ ይገባል፤ ሲጠፋ ደግሞ እኔ የታዘዝኩትን እሠራለሁ። መብራትም እንደዚያው ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ያለው እዚሁ ክልላችን መተከል ዞን፣ ጉባ ነው፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የዚያኑ ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን ተመረቀ። እኛ ግን ምሽት ምሽት ስለሚጠፋብን ባትሪዬን ሙላ የምለው በጠዋት ነው። ምርጫም ያደርገዋል፤ የሊቲየም ባትሪ ተኝቶ ሳለ ሲሞላ ማደሩ መልካም አይደለም፤ ሰው እያየው ቢሞላ ይሻላል። ከባዶ እስከ ሙሉ የሚፈጀው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

አንድ የተማሪ ደብተር አወጣሁና ለሳይክሉ የሕመምተኛ ካርድ ከፈትኩለት። ቀን፣ ሰዓት፣ ምልክት፣ ምን ተለካ፣ ስንት ተገኘ። ይህን ያደረግሁት የእሷ ተራ ባልሆነበት ቀን ስደውል የሚያነሣው ሌላ ሰው ስለሆነና እሱም «ችግሩ ምንድን ነው?» ብሎ ከአንድ ስለሚጀምር ነው። ካርዱ ጠፍቶበት በየክፍሉ ታሪኩን እንደ አዲስ የሚናገር ታካሚ አይታችኋል። ከዚያ ወዲያ ገጹን ፎቶ አንሥቼ መላክ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

መጀመሪያ ጋብቻ ቀለበቴንና ሰዓቴን አስወለቀችኝ፤ ብረት በባትሪው ሁለት ጫፍ ላይ ቢያርፍ ጣት ያቃጥላል። ከዚያ የባትሪውን ቮልት አስለካችኝ፦ በእረፍት 53.8። ሙሉ ሲሆን 54.6 ስለሆነ ደህና ነው። ጎረቤቴ ነዳጅ መስጫውን ጠምዝዞ ሞተሩ እያጉረመረመ ሳለ ለካሁ፦ 52.9። «የደከመ ባትሪ ቢሆን ሲሠራ ይወድቅ ነበር፤ ይኼ አልወደቀም። ባትሪው ነፃ ነው» አለች። ጎረቤቴ ፊቱን አዞረ።

ቀጥሎ የፍሬን እጀታዎቹን ሽቦ ነቀልን። እጀታው ውስጥ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጥ ነገር አለ፤ ጭቃ ገብቶበት ተይዞ ከቀረ ሞተሩ ሁልጊዜ ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል። ለውጥ የለም፤ መልሰን ሰካነው። ነዳጅ መስጫውን ለካን፦ ሲለቀቅ 0.8፣ ሲጠመዘዝ እስከ 3.6 ቮልት። እሱም ነፃ። እንዲህ እያልን ከንፁሕ ሰው ላይ ጥርጣሬ ስናነሣ ሁለት ቀን ሄደ። በእነዚህ ቀናት አንዴ በባጃጅ ሄጄ እትዬን አጠብኩ፤ አንዱን ቀን የልጅ ልጇ በስልክ እየነገርኳት በኖርማል ሳላይን አጠበችላት። ቁስሉን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ አልኳት፤ ላከች። ዳሩ ነጣ ብሏል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለልጅቷ ስለ እትዬ የነገርኳት በማግስቱ ነው። ልታዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ በየቀኑ ለምን እንደምጨቀጭቃት እንድታውቅ ነው። ዝም አለች። ቆየት ብላ የላከችው መልእክት «ጋሼ፣ ፈውሱን በኋላ እንፈልገዋለን፤ አሁን ነገ ጠዋት እንዲሄዱ እናድርግ» የሚል ነበር።

የመጀመሪያ ርዳታ መሆኑ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሆል ሴንሰር የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ሥራቸው ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ መንገር ነው። አንዷ ከተሳሳተች ወይም ዝም ካለች ኮንትሮለሩ ግራ ይገባዋል፤ መንዘፍዘፉም ከዚያ ይመጣል። የእኔው ኮንትሮለር ግን ያለ ሴንሰር መሥራት ከሚችሉት ወገን ነው። የሴንሰሩን ስፒና ብቻ ንቀል፣ በፔዳል ተነሣ፣ ጎማው መዞር ሲጀምር ቀስ ብለህ ስጠው። እንዳለችው አደረግሁ። ሁለት ፔዳል ረገጥኩ፣ ጠመዘዝኩ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዞኝ ሄደ! ጎረቤቴ ግቢው በር ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት አይወድም እንጂ እትዬ ቤት ያደርሳል። ደግሞም ይህ ብቻውን ምርመራ ነው፤ ሴንሰሩ ሲነቀል ከተሻለው ሕመሙ ከሴንሰሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ፈውሱ ተመለስን። የሴንሰሩ ስፒና አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ቀይና ጥቁሩ ኃይል ይሰጣሉ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ያወራሉ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ጥቁሩ ላይ አድርጌ፣ በቀዩ ሦስቱን በየተራ እየነካሁ፣ ጎረቤቴ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያዞራል። ወደ ፊት ቢዞር እንዲህ ያለው ሞተር ውስጡ አብሮ አይዞርምና ምንም አይገኝም፤ ይህንንም እሷ ናት ያስጠነቀቀችን። ቢጫው ዜሮ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ አምስት ይላል፤ እንደ ልብ ምት። አረንጓዴው እንደዚያው። ሰማያዊው አምስት ላይ ተቸንክሮ ቀረ።

ሞተሩን እንክፈት ይሆን? አይደለም። ስፒናውን በቅርብ ፎቶ አንሥቼ እንድልክ ጠየቀች። አንሥቼ ሳሰፋው እኔም አየሁት፦ አንደኛዋ የስፒና ጥርስ ወደ ኋላ ሸሽታለች፣ ዙሪያዋም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ገመዱ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ስፒናው ላይ ስለሚያልቅ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ስፒናው ውስጥ ይገባ ኖሯል። በአልኮል አጠብኩት (የነርስ ቤት አልኮል አይጠፋም)፣ አደረቅሁት፣ ጥርሷን ቀጭ እስክትል ወደ ቦታዋ ገፋኋት፣ ቫዝሊን ቀባሁት፣ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቀለልኩት። ገመዱን ደግሞ ከስፒናው ዝቅ ብሎ ሆድ እንዲሠራ አድርጌ አሰርኩት፤ ውሃው ከሆዱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። ሰማያዊው መምታት ጀመረ። ሳይክሉም ከቆመበት እንደ ጥጃ ብድግ አለ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከእትዬ ቤት ስመለስ፣ ዳገት መሐል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ፤ መንዘፍዘፉም ተመለሰ። ስፒናውን ፈታሁት፤ ደረቅና ንጹሕ ነው። ያገረሸ በሽታ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ አለ፤ የድሮው ነው የተመለሰው ወይስ ከድሮው ሥር ሌላ ነበረ?

ካርዱን ላክሁላት። «ቀጭ» የምትለዋን ቃል አስምራበት መለሰችልኝና አንድ ነገር አዘዘችኝ፤ እስከ ዛሬ የማደንቃትም በዚህ ነው። የኋላ ጎማውን ፔርኖ የሚይዘውን ዳዶ ጥብቅ አድርገው፤ ከዚያ ከፔርኖው ጫፍ ጀምሮ በዳዶው ላይ አልፎ እስከ ብረቱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምር፤ ሴንሰሩን ነቅለህ አንድ ቀን ንዳው፤ ማታ መስመሩን እየው። ሌላ መሣሪያ የለም፣ ቴስተርም አያስፈልግም። ማታ ሳየው መስመሩ ተሰብሯል። ፔርኖው ዞሯል።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ ያንኑ ያህል ፔርኖውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ተራ ሳይክል እንዲህ ያለ ግፊት አያውቅም፤ ፔርኖው የሚቀመጥበት የብረት አፍም ለዚህ አልተሠራም። ፔርኖው ትንሽ ትንሽ እያለ ሲዞር በውስጡ አልፎ የሚወጣውን ገመድ ይጠመዝዘዋል፣ ይፍቀዋል። ገመዱን ገፍፌ ሳየው የሰማያዊው ሽቦ ልብስ ተልጦ መዳቡ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቶታል። ከዚያም በላይ ሊሆን ይችል ነበር። ዳዶው ጨርሶ ላልቶ ጎማው ቁልቁለት ላይ ቢወጣ ይህን የምጽፍላችሁ አልጋ ላይ ሆኜ ነበር፤ ይህም ከዕድሌ ጋር።

መድኃኒቱ አንድ ቁራጭ ብረት ነው። አንድ ጫፉ የፔርኖውን ሁለት ጠፍጣፋ ጎን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ከሳይክሉ አካል ጋር ይታሰራል፤ ፔርኖው ልዙር ቢል ብረቱ አይለቀውም። ካርቶናችን ውስጥ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ጠየቅሁ፤ በዚህ ጉዳይ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። 500 ዋት ሞተር የሚሸጥ ሰው ይህን ብረት ለብቻው እንደ ጌጥ መሸጥ የለበትም። ልጅቷ አልተከራከረችኝም፤ ለአለቆቿ እንደምትነግር ነግራኝ ልኩን በወረቀት ሥላ ላከችልኝ፦ የብረቱ ውፍረት ስድስት ሚሊ ሜትር፣ የቀዳዳው ጠፍጣፋ ጎን ለጎን አሥር ሚሊ ሜትር፣ ሳይንቀዋለል የሚገባ። የሰፈራችን በያጅ ግማሽ ቀን በሞረድ ሲሞርደው ዋለ። «እንዲህ ያለ ጥብቅ ነገር ለበር አልሠራም» እያለ ነበር። ሽቦውን ጎረቤቴ በስታኞ ያዘልኝ፤ ለልብስ ደግሞ ጊዜው ካለፈበት የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ቆርጬ አለበስኩት፤ በላዩ ናስትሮ። ጥርስ ያላቸውን ሮንዴላዎችም ጥርሳቸው የብረቱ አፍ ውስጥ እንዲገባ አዙረን አሰርን። መስመሩን እንደገና አሰመርኩ። ጳጉሜን አልቆ፣ መስከረም አልቆ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

ኪት ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ርቃችሁ የምትኖሩ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ስልኩን ማን እንደሚያነሣ ጠይቁ። አንድ ቀን ገዢ መስላችሁ ሳይሆን ችግር እንዳለበት ሰው ደውሉና የሚመልስላችሁን ስሙ። የሚጠይቃችሁ ከሆነ ደህና ሱቅ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚነግራችሁ ከሆነ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። ኮንትሮለር፣ ነዳጅ መስጫና ሴንሰር ለብቻ ይሸጡ እንደሆነም ጠይቁ። የእኔዎቹ ይሸጣሉ፤ አንድ መለዋወጫ ኮንትሮለር ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቴስተርም ገዛሁ፤ የጎረቤቴን መለመን ይበቃኛል።

የእትዬን ቁስል በወረቀት ማስመሪያ ነበር የምለካው። ሐምሌ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር የነበረው ጳጉሜን ላይ አንድ ሆነ፤ ጥቅምት ላይ ዘጋ። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አይቶ «ማን ነው ያጠበሽ?» አላት። «ወንድሜ» አለችው፤ ቀጥላም «የአዲስ አበባዋ ልጅ ደግሞ ሳይክሉን» አለች። ሐኪሙ ምን እንደምትል አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም፤ ከኋላችን ሰልፍ ነበር። አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ውስጥ እግሯን አያለሁ። የዘጋ የስኳር ቁስል ተመልሶ ሊከፈት ይችላልና።

ዘንድሮ ማንጎ ሲደርስ እትዬ ለዚያች ልጅ ካልላክሁ ብላ ያዘችኝ። አይታት አታውቅም፤ እኔም አላየኋትም። ሃያ አራት ማንጎ ራሷ መርጣ፣ በሣር ሸፍና በካርቶን አስታቅፋኝ፣ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ።

«ጋሼ፣ ደርሶኛል። ከሃያ አራቱ ሦስቱ ጎናቸው ተመትቷል፣ አንዱ ፈስሷል፣ ሃያው ደህና ነው። ፎቶውን ልኬያለሁ።»

የተመቱትን ዛሬውኑ ብሏቸው፣ የቀሩትን ከፀሐይ አርቂያቸው ብዬ መለስኩላት።